ከደረጃው ስር ያለችው ሰያፍ መስመር

ስሜ አመለወርቅ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ተኝቼ አይተውኝ አመሌን ገምተው ይሆናል። የማዳም ሹፌር ብስራት ግን ጠዋት ጠዋት ሻዩን ልሰጠው ስወጣ "ዛሬስ ወርቁ ተገኘ?" እያለ ይጠይቀኛል። ቶሎ እቆጣለሁ፣ አልክድም። ቁጣዬ እንደ ወተት ነው፤ ገንፍሎ ምድጃውን ያበላሽና ወዲያው ይወርዳል። ምድጃውን የምወለውለውም እኔው ነኝ።

በ2013 መጋቢት ላይ፣ አል ዱሃይል ባለው የማዳም ቪላ፣ ይኸው አመሌ በአንዲት መስኮት ምክንያት ጉድ ሊያደርገኝ ነበር።

ዶሃ ከመጣሁ ይህ ሦስተኛ ቤቴ ነው። በመጀመሪያው ቤት የተኛሁት ልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሁለተኛው ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ። አምስት ዓመት ሙሉ መንጋቱን የማውቀው ስልኬን አይቼ ነው። መስኮት ያገኘሁት እዚህ ነው። ትንሽ ናት፤ ከጎረቤት አጥርና ከአንዲት የተምር ዛፍ ሌላ የምታሳየው የላትም። ግን ጠዋት ፀሐይ በእሷ ትገባና ትራሴ ላይ ትቀመጣለች። እሷን ሳይ ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ደስ ይለኛል።

የአገሬው ሰው ብርዱ ሲገባ ድንኳኑን ይዞ በረሃ ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲመለስ ድንኳኑም ይመለሳል። የእኛ ቤት ድንኳን ይቀመጥ የነበረው በማዳም ባል በባባ ወንድም ጋራዥ ነው። በዚያ ዓመት ወንድምየው አዲስ መኪና ገዛና ድንኳኑን፣ ምንጣፉን፣ ፍራሹን፣ በግ እንዳለ የሚውጠውን ትልቅ ድስት ሁሉ በፒክ አፕ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አራገፈው። ማዳም ክምሩን አየች። ቤቱን ዞረች። በመጨረሻ የእኔን በር ከፈተች።

"እዚህ ይገባል" አለች። "አንቺ መተኮሻው ክፍል ትተኛለሽ።"

መተኮሻ ክፍል የሚለውን ስሰማ ወተቱ ገነፈለ። ግን ማዳም ላይ አይገነፈልም፤ ስለዚህ ወደ ሌላ አቅጣጫ ፈሰሰ። "ማዳም፣ ከደረጃው ስር ባዶ ነው። እዚያ ቁም ሳጥን ቢሠራ ሁሉም ይገባል" አልኳት።

ማዳም አናጺ አትወድም። ባለፈው ዓመት አንዱ የኩሽና መደርደሪያ ሠርቶላት በሩ አልዘጋ ሲል "ግድግዳው ነው ጠማማው" ብሎ ሄዷል። መደርደሪያው እስከ ዛሬ አፉን እንደከፈተ ነው። "የምትዪው ነገር አይታየኝም" አለችኝ።

"እኔ እስልልሻለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ከተናገርኩት በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ እርሳስ ከያዝኩ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ድራፍቲንግ ተምሬአለሁ። ሦስተኛውን ዓመት አባቴ ታመመና አልቀጠልኩም። በዚህ አገር ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቤት ጠራጊዋ የቤት ፕላን ታነሣለች ብል ማን ያምነኛል፣ ደግሞስ ለምን ይሆናቸዋል።

ያን ቀን ከሰዓት ደረጃውን ለካሁና እንደተማርኩት ሦስት ሥዕል ሠራሁ፦ ከላይ ሲታይ፣ ከፊት ሲታይ፣ ከጎን ሲታይ። ማዳም ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፤ መልሳ ገለበጠችው። "ሦስት መስኮት ነው የሳልሽው?" አለች። እውነቷን ነው። ሦስቱን ሥዕል በሐሳብ ገጣጥሞ አንድ ዕቃ ማየት ለለመደው ነው እንጂ ለሌላ ሰው ሣጥን ብቻ ነው።

ስለዚህ አይሶሜትሪኩን ሠራሁላት። የትልቋን ልጅ የጂኦሜትሪ ዕቃ ተዋስኩ፤ ከሥዕል ደብተሯም አንድ ትልቅ ወረቀት ለመንኳት። አሳሳሉ ቀላል ነው። የቆመ ነገር ሁሉ ቆሞ ይሳላል። ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሄደው ደግሞ ከአግድሙ ሠላሳ ዲግሪ ቀና ብሎ ይሄዳል። አንዱ ማዕዘን ወደ ተመልካቹ ይመጣል፤ ፊቱም ጎኑም ጣሪያውም በአንድ ጊዜ ይታያል፣ ሰው ቆጥ ላይ ወጥቶ ቁልቁል እንደሚያይ። ፎቶ ላይ ራቅ ያለ ነገር ያንሳል፤ እዚህ ግን ሩቁም ቅርቡም እኩል ነው። በወረቀት አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በቤት አሥር።

ከደረጃው ስር ያለው ቦታ ርዝመቱ መቶ ስድሳ፣ ጥልቀቱ መቶ ሃያ ነው። አንዱ ጎኑ ስድሳ፣ ሌላው ጎኑ መቶ ሰማንያ ቁመት አለው። ጣሪያው ከአጭሩ ጎን ተነሥቶ ከደረጃው ጋር ሽቅብ ይወጣል። ያቺን ሰያፍ መስመር በአንድ ትንፋሽ ሳብኳት። እጅ አይረሳም ለካ።

ማዳም ሥዕሉን ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ "ድስቱ እዚህ" አለች። "ፍራሹ እዚህ።" ጣቷ ውስጡ እየገባ የሚወጣ ይመስል ነበር። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "የኋላው ከፊቱ ይሰፋል። እያታለልሽኝ ነው?"

እውነት ነው፣ በአይሶሜትሪክ ዓይን እንዲህ ይሸወዳል። ራቅ ያለው ያንሳል ብሎ ሲጠብቅ እኩል ሲያገኘው የበለጠ ይመስለዋል። ማስመሪያውን ሰጠኋት። የፊቱን ለካች፣ አሥራ ስድስት። የኋላውን ለካች፣ አሥራ ስድስት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም በደስታ ብዛት አፌን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ማዳም፣ ዓይን ይዋሻል፤ ማስመሪያ ግን አይዋሽም። የፈለግሽበት ላይ አስቀምጪው።"

ቁጥሮቹን መጻፍ ስጀምር ደግሞ "እነዚህ ጉንዳኖች ምንድን ናቸው? ሥዕሉን አቆሸሹት" አለችኝ። በላጲስ አጠፋኋቸው። እንዲያምርላት ፈልጌ ነው።

"ጠይብ፣ ይሁን" አለች ማዳም። "አንድ ጊዜ ብቻ። አናጺው መጥቶ ልክ ካልሆነ ኸላስ፣ በቃ፤ ዕቃው ክፍልሽ ይገባል።"

አርብ ዕረፍቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ብስራት ናጅማ ሰፈር ወሰደኝ፤ አብሮት የሚኖር ሸምሰዲን የሚባል አናጺ አለ፣ የወሎ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት በእንጨት ላይ የኖረ። ጋሽ ሸምሰዲን ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ቃሉን አለስልሶ ነው የሚያወጣው።

"በእጅ የሚያዝ ይመስላል እኮ" አለ። "አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማሻአላህ። ቁጥሩስ የት አለ?"

ይኸውላችሁ፣ ጠይቆኛል። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ጨዋ አናጺ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን በልቤ ገና ከማዳም ፊት ቆሜ እየተወደስኩ ነበር።

"ቁጥር ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሽ ሸምሰዲን? ሥዕሉ በልኩ ነው። በፈለጉበት ማስመሪያ ያስቀምጡና በአሥር ያባዙ።"

"በፈለግሁበት?"

"በፈለጉበት።"

ብስራት ከበሩ ላይ ሆኖ "ኢንጂነር አመለ" አለና ሳቀ። እኔ ግን አልተቆጣሁም። ጭራሽ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጋሽ ሸምሰዲን የተቆራረጠውን ነጭ የኤምዲኤፍ ሳንቃ በብስራት መኪና አስጭኖ መጣ። ወለሉ ገባ፤ ልክ። አጭሩ ጎን ቆመ፤ ልክ። ረጅሙ ጎን፣ ልክ። ጋሽ ሸምሰዲን ብሎኑን ሲያጠብቅ እኔ መኝታ ቤቴን በሐሳብ እያስተካከልኩ ነበር። የመጨረሻው የጣሪያው ሳንቃ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ ተለብጦ፣ ሰያፉ ላይ የሚያርፈው።

"ይኼ ሙሉ ሳንቃ ነው የፈጀው" አለኝ ጋሽ ሸምሰዲን ኩራት ብሎ። "አንዲት ሴንቲ ነው የቀረችኝ።"

ብስራት በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይዘው አስቀመጡት። ሳንቃው ከአጭሩ ጎን ተነሣ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ረጅሙ ጎን ላይ ደረሰ፣ አልፎትም ሄደ። ወደ ኮሪደሩ እንደ ምላስ ወጥቶ ቀረ።

"ጋሽ ሸምሰዲን፣ ሜትርዎ ላስቲክ ነው እንዴ?" አልኩት። ከዚያም ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። ሠላሳ ዓመት በእንጨት ላይ ከኖሩ እንጨቱ ምነው አላወቀዎትም ብያለሁ፤ ይህን አምናለሁ። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም። አንቱታውን ግን አልተውኩም፤ በአንቱታ ነው የሰደብኩት።

እሱ ከደረት ኪሱ ሥዕሉን አወጣ፣ ዘረጋው፣ ማስመሪያውን ሰያፏ መስመር ላይ አስቀመጠ። ሃያ አራት ከሦስት ሚሊ።

"በአሥር ስናባዛው ሁለት መቶ አርባ ሦስት" አለኝ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ። "በፈለግሁበት ነው ያልሽኝ፣ ልጄ።"

ያኔ መምህር ተክሌ መጡብኝ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በካፖርታቸው፣ ጠመኔ በሞላው እጃቸው። አይሶሜትሪክ ባስተማሩን የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ አንዲት ሰያፍ መስመር ሰርተው "ማስመሪያ የምታምኑት በሦስቱ አቅጣጫዎች ብቻ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ሰያፏ እንደ አዘማመሟ ትለጠጣለች ወይም ትኮማተራለች። ቁጥሯን ጻፉባት፤ ያልጻፈ ከክፍሌ ይውጣ" ብለው ነበር። እኔ ከክፍላቸው ልጆች አንደኛ ነበርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ማዳም በደረጃው ወረደች። "ሽኑ ሃዳ?" አለች፤ ይህ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ኮሪደሩ ላይ የወጣውን ሳንቃ አየች፣ ከዚያ ጋሽ ሸምሰዲንን።

"አንተም ግድግዳው ጠማማ ነው ልትለኝ ነው?"

ጋሽ ሸምሰዲን እኔን አየኝ። አንገቱን ደፋ፤ መጋዙን ወደ ዕቃ መያዣው መክተት ጀመረ።

"ዕቃህን ይዘህ ሂድ" አለችው ማዳም። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "አንቺ አትዘኚ። ሥዕልሽ ቆንጆ ነው። ሌላ አናጺ እጠራለሁ" አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። መስኮቴ ተረፈች ማለት ነው። ሥዕሌም ተመሰገነ። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ በሰው ቤት ስንኖር መጀመሪያ የምንማረው ሙያ ነው። ብስራት ድስቱን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጥቷል። ጋሽ ሸምሰዲን ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከወለሉ እየለቀመ ነበር። የሰደብኩትን ሁሉ ሰምቶ፣ ጥፋቴን በኪሱ ይዞ፣ አሁንም አላወጣውም።

"ማዳም" አልኩ። "ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የእኔ ነው።"

ሥዕሉን ተቀብዬ አሳየኋት። ሰያፏ ላይ ማስመሪያ እንደማይቀመጥ ነገርኳት። ቁጥሩን ጠይቆኝ እንደነበር፣ እኔ በኩራት እንደከለከልኩት ነገርኳት።

"ማስመሪያ አይዋሽም ብለሽኝ ነበር" አለች።

"አልዋሸም። እኔ ነኝ ግማሹን ብቻ የተናገርኩት።"

ማዳም ሳንቃውን አየች፣ ወረቀቱን አየች። "እንግዲያው የተባባልነው ይሁን" አለች። "ዕቃው ክፍልሽ ይግባ።"

አሁንም አመሌ አልተወኝም። "እስከ መግሪብ ጊዜ ስጪኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልክ ካልሆነ ዕቃውን ራሴ አስገባዋለሁ፤ አልጋዬንም ራሴ አወጣዋለሁ" አልኳት።

ማዳም ወደ ኩሽናው፣ ወደዚያ አፉን ወደከፈተው መደርደሪያ አየች። "ያኛው አናጺ እስከ ዛሬ ግድግዳዬን እንደከሰሰ ነው" አለች። "አንቺ ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አልፈጀብሽም። እስከ መግሪብ። ያላ፣ ቶሎ በይ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥዕሉ ጀርባ ጎኑን እንዳለ፣ ምንም ሳላዘምም፣ ጠፍጣፋ አድርጌ ሠራሁት። ረጅሙ ጎን መቶ ሰማንያ፣ አጭሩ ስድሳ፤ ልዩነታቸው መቶ ሃያ። ወለሉ መቶ ስድሳ። ሰያፏን ልለካ ስል ጋሽ ሸምሰዲን ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

"መቶ ሃያና መቶ ስድሳ?" አለ። "ሦስት፣ አራት፣ አምስት ነው እኮ፣ በአርባ ሲባዛ። እኛ ማዕዘን የምናቀናበት። ሁለት መቶ ነው!"

ማስመሪያውን አስቀመጥኩ። ሃያ። በአሥር ሲባዛ ሁለት መቶ።

"ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ነገር" አለ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ለሥዕልሽ ውበት ብዬ ረሳሁት።"

"እኔም ለውበቱ ብዬ ነው ያጠፋሁት፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ። የተናገርኩትንም ሁሉ።"

"በአንቱታ ስለነበር ብዙም አልጎዳኝም" አለኝ። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን፤ ብስራትም ቀልዱ ተመልሶለት "ወርቁ ተገኘ" አለ።

ሳንቃውን ግቢ አውጥተው በሁለት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አጋደሙት። እኔ መስመሩን አሰመርኩ፤ ሁለቴ ለካሁ፤ ጋሽ ሸምሰዲን ሦስተኛ ለካ። ብስራት ጫፉን ያዘ፤ ጋሽ ሸምሰዲን ሲቆርጠው የኤምዲኤፉ ዱቄት የብስራትን ኮፍያ አነጣው። መልሰው ሲያስቀምጡት ሳንቃው ረጅሙ ጎን ላይ ደርሶ ቆመ። እንደ ክዳን ገጠመ። ማዳም መጥታ በቡጢ መታችው፤ ድምፁ የጠነከረ ነበር።

ከዚያ ማስገባት ሆነ። ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ ፍራሹ እያሉ ገቡ። በመጨረሻ ድስቱ ቀረ። ማዳም ራሷ ሥዕሉን ይዛ ቆመች፤ ያን ቀን ጣቷን ያሳረፈችበትን ቦታ ፈለገችና "እዚህ" አለች። ብስራት ገፋው። ገባ። ከበላዩ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። ጋሽ ሸምሰዲን በሮቹን ሰቀለ፤ ማዳም አንዱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ገና በሩን እየዘጋች ነበር።

"ዘግቷል" አለችኝ፤ እኔ ያላየሁ ይመስል።

ጋሽ ሸምሰዲን ሊሄድ ሲል ግቢ ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ አነሣ። ርዝመቷ መቶ ሃያ፣ ስፋቷ አርባ ሦስት። "ጥፋታችን ይቺ ናት" አለ። "እንጣላት ወይስ ብስራት የነገረኝ መስኮትሽ ስር ትሁን?"

ማዳምን አየኋት። እጇን አወዛወዘች፤ እንደፈለጋችሁ ማለቷ ነው። ጋሽ ሸምሰዲን ክፍሌ ገብቶ ቁራጯን ከመስኮቷ ስር በሁለት ብረት አጠበቃት። እጁን አሳለፈባት፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ማግስቱን ጠዋት ስነቃ ፀሐይ ትራሴ ላይ አልነበረችም። ሳንቃዋ ላይ ነበረች። ተቀምጬ አየኋት፤ ትንሽም አለቀስኩ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲህ የሥዕል ጠረጴዛ ኖሮኝ አያውቅም።

የክፍሌ በር ተንኳኳ። ማዳም ናት፤ ከልጇ ደብተር የተቀደደ ትልቅ ወረቀት ይዛለች።

"የኩሽናውን መደርደሪያ ሳዪልኝ" አለች። "የትናንቱ አናጺ ይሠራዋል። ጉንዳኖቹን እንዳትረሺ፤ በሰያፉም ላይ።"

ወረቀቱን ሳንቃዬ ላይ ዘረጋሁት። ቁመቱን ለካሁት፤ አርባ ሁለት ነው። ከአርባ ሦስቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተረፈኝ፤ እርሳሴን እዚያ አስቀመጥኩ።